ጭነቱ ሲቆም ሰው ይጓዛል

በመስከረም አጋማሽ በአለም ገና በኩል አልፋችሁ ታውቃላችሁን? መንገዱ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሰበታና በወሊሶ አድርጎ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ወልቂጤ ይወስዳል። ሁለተኛው በመልካ ቁንጥሬና በትክል ድንጋዮቿ በምትታወቀው ጢያ በኩል ዘቢዳር ተራራ ሥር ወዳለችው ቡታጅራ ያደርሳል። በሌላው ጊዜ በሁለቱም መንገዶች ላይ ዓይን የሚገባው የጭነት መኪና ነው። መስቀል ሲቃረብ ግን መንገዱን የሚሞላው ሰው ነው።

መስቀል የሚውለው መስከረም 17 ቢሆንም በጉራጌ ምድር ድግሱ ቀናት ቀድሞ ይጀምራል፤ እስከ ጥቅምት መግቢያም ይዘልቃል። እናቶች ዓመቱን ሙሉ በእቁብ ያጠራቀሙትን ቅቤ ያወጣሉ፤ ቆጮውን ያሰናዳሉ። አባቶች በሬ የሚገዙበትን ገንዘብ በቡድን ሲያዋጡ ከርመዋል። ከእምድብር፣ ከአገና፣ ከጉንችሬ የወጣው ልጅ የትም ይሥራ የት፣ በዚያ ሰሞን ጀፎረው ላይ እንዲታይ ይጠበቃል። ያልመጣ ልጅ ይጠየቃል፤ እናቱም ታዝናለች።

መንገዱ ራሱ የዚህ ናፍቆት ፍሬ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር መሥርተው፣ ከኪሳቸው እያዋጡ ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ነጋዴውም ሊስትሮውም አቅሙ የፈቀደውን ሰጠ። ዛሬ ቅቤና ሸቀጥ የሚመላለስበት መንገድ አስቀድሞ የታሰበው ሰው ወደ ቤቱ እንዲገባበት ነበር።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። ከመርካቶ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የጉራጌ ልጆች ናቸው። መስቀል ሲደርስ የጅምላ መደብሮች ተራ በተራ ይዘጋሉ። መርካቶ ሲዘጋ ደግሞ የሚቆመው የአንድ ሰፈር ገበያ ብቻ አይደለም። የጅማው፣ የደሴው፣ የነቀምቴው ባለሱቅ ዕቃ የሚጠብቀው ከዚያ ነው። አስተዋይ ባለሱቅ ከአዲስ ዓመት በፊት ዕቃውን ያስጭናል፤ የዘገየው ጥቅምትን ይጠብቃል።

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ ችግሩ እጥፍ ነው። አገራችን ወደብ ስለሌላት አብዛኛው ዕቃ የሚገባው በጅቡቲ ነው። በጅቡቲ ግን መስቀል የሕዝብ በዓል አይደለም፤ መርከቡ እንደ ወትሮው ያራግፋል። ነጋዴው ከአገር ቤት ሲመለስ ደግሞ ሌላ በዓል ይጠብቀዋል። በፈረንጆቹ መስከረም 27 መስቀልን አክብሮ ሳያበቃ፣ ጥቅምት 1 ቀን ቻይና ብሔራዊ በዓሏን ማክበር ትጀምራለች፤ ብዙ ፋብሪካዎቿም ለሳምንት ያህል ይዘጋሉ። እዚህ ሲከፈት እዚያ ተዘግቷል።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይምሰላችሁ። ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሏት ኢንዶኔዥያ ለኢድ አልፈጥር ሚሊዮኖች ወደ ቀያቸው ሲጎርፉ፣ ከባድ የጭነት መኪኖችን ለተወሰኑ ቀናት ከዋና ዋና መንገዶች ታግዳለች፤ ነዳጅና መሠረታዊ ምግብ የጫኑት ግን ያልፋሉ። ባሊ በተባለችው ደሴቷ በሂንዱዎች የዝምታ ቀን አውሮፕላን ማረፊያውና የጀልባ ወደቦቹ ለ24 ሰዓት ይዘጋሉ። ነህምያም የኢየሩሳሌምን በሮች በሰንበት ባስዘጋ ጊዜ፣ ነጋዴዎቹ ሸቀጣቸውን ይዘው ከቅጥሩ ውጭ አድረዋል (ነህ. 13፥15-22)። በዓልና ጭነት ከጥንት ጀምሮ ሲገፋፉ ኖረዋል።

በቡታጅራ በኩል ደግሞ ሌላ የጉዞ ወቅት አለ፤ አረፋ። የመስቃንና የስልጤ ሙስሊም ወገኖቻችን በዚያን ጊዜ ከያሉበት ወደ ቀያቸው ይጓዛሉ። አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም 13 ቀን ዋለ፤ ከመስቀል በአራት ቀን ብቻ ቀድሞ ማለት ነው። ሁለቱም ወገን በአንድ ሳምንት ወደ እናቱ ቤት ሲጓዝ አስቡት!

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ለባለትዳሮች ምን ይላል? በአማኞች ቤት መስቀል ሲደርስ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» የሚል ክርክር ይነሣል። ያንን ባልና ሚስት በጸሎት ይወስኑት። እኔ ዛሬ የማነሣው ከጉዞው በፊት ያለውን ነገር ነው።

መደብሩ ሲዘጋ ባለቤቱ በሬ ያርዳል። ጫኝና አውራጁ ግን የቀን ገቢው ተቋረጠ ማለት ነው። ለእርሱ የእናንተ በዓል ሥራ የሌለበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ የሱቁን መዝጊያ ከመጎተትህ በፊት የሠራበትን ክፈለው። «ከመስቀል መልስ» አትበለው። ሙሴ የድሀው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጥ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም (ዘዳ. 24፥14-15)። ከቻልክም ለቤቱ የሚሆን ጨምርለት።

ሾፌሩንም አስቡት። እርሱም ሚስትና ልጆች አሉት። በዋዜማው ሌሊት «ፍጠን፣ ትርፍ ጫን» የምንለው እኛው ነን፤ አደጋ ሲደርስ የምናለቅሰውም እኛው ነን። የሚላክ ዕቃ ካላችሁ አስቀድማችሁ ላኩ። ጉዞውንም በቀን አድርጉት፤ ለሾፌሩም ማረፊያ ይተርፈዋል።

እህቴ ሆይ፣ የአማትሽን ቤት በዕቃ ብቻ ለመሙላት አትጨነቂ። ሻሽና ቡናው ደስ ያሰኛታል፤ ሆኖም ዕቃ በአይሱዙም ይደርሳል። ልጇና የልጅ ልጆቿ ግን በጭነት አይላኩም። ምድጃው ዳር ተቀምጠሽ ወሬዋን የምትሰሚበት ሁለት ቀን ይኑርሽ።

መርካቶ ተመልሶ ይከፈታል፤ የዘገየውም ዕቃ ይደርሳል። እናት ግን ሁልጊዜ አትጠብቅም። ሒሳባችሁን ዘግታችሁ፣ የማንንም ላብ በእጃችሁ ሳትይዙ ወደ ቤት ግቡ። ጌታ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ!