የጎደለው ዘይት የት ሄደ?

ትልልቅ ሞተር ሳይክል የሚነዱ የአገሬ ልጆች በሜሴንጀር ከሚልኩልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዘይት ጎደለ፣ ስንት ልጨምር?» መልሴም ሁሌ አንድ ነው፤ ቆይ፣ አትጨምር። መጀመሪያ የጎደለው የት እንደሄደ እንወቅ።

ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ ሳይክሉንም ሞተር፣ ውስጡ ያለውንም ሞተር ነው የምንለው። «ሞተሬ ዘይት ያፈሳል» የሚለኝ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለብኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ሞተር» ስል ቤንዚን የሚያቃጥለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው በሙሉ «ሳይክሉ» ነው።

አዲስ አበባ ላይ በባጃጅ ቦክሰር ወይም በቲቪኤስ አፓቼ መንዳት የተማረ ሰው ዘንድ ዘይት ማለት አንድ ነው። አንድ ሊትር አካባቢ ታስገባለህ፣ እሱው ሞተሩንም ፍሪሲዮኑንም ካምቢዮውንም ያገለግላል። አንድ ማፍሰሻ፣ አንድ መሙያ፣ በቃ። ያው ሰው አሜሪካ መጥቶ፣ ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረውን የሃርሊ-ዴቪድሰን ቱሪንግ ሲገዛ ግን በአንድ ቀን የሦስት ዘይት ባለቤት ይሆናል። ይህን ደግሞ ማንም አይነግረውም። ሻጩ ስለ ሬዲዮው ነው የሚያወራው።

ነገሩን በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሦስት ቤቶች አስቡት። የመጀመሪያው የሞተሩ ዘይት ነው፣ 4 ኳርት አካባቢ (ኳርት ከሊትር ትንሽ ያንሳል)። የሚገርመው የሚቀመጠው ሞተሩ ሥር አይደለም፤ ካምቢዮው ሥር በታሰረ ቋት ውስጥ ነው፣ ፓምፕ እየጎተተ ወደ ሞተሩ ይልከዋል፣ ሌላ ፓምፕ ይመልሰዋል። ሁለተኛው በግራ በኩል ያለው፣ ፕራይመሪ የሚባለው ቤት ነው። ከሞተሩ ጉልበት የሚያመጣው ሰንሰለትና ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚዞሩት እዚያ ነው። ሦስተኛው ካምቢዮው ራሱ ነው፤ እሱ አንድ ኳርት ወይም ትንሽ ያነሰ ይበቃዋል።

በቤቶቹ መካከል ግድግዳ አለ። ግን ግድግዳውን በስተው የሚያልፉ ዘንጎችም አሉ፣ በየቀዳዳው ላይ ያለው ደግሞ አንድ ክብ የዘይት ማገጃ ጎማ ብቻ ነው። የካምቢዮው ዋና ዘንግ ወደ ፕራይመሪ ይገባል። ዘንጉ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ቀጭን ብረት በመሀሉ ያልፋል። በዚህ መንገድ የካምቢዮ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ፕራይመሪ ሊሻገር ይችላል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አታዩም! ካምቢዮው እየደረቀ፣ ፕራይመሪው እየሞላ ይሄዳል። ሳይክሉ ሲግል ኒውትራል እምቢ ይላል፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁም ሳይክሉ ወደፊት ሳብ ሳብ ያደርጋችኋል፤ ፍሪሲዮኑ ከሚገባው በላይ ዘይት ውስጥ ስለሰጠመ ነው። ባለቤቱ ግን መለኪያውን አይቶ «ካምቢዮው ዘይት ይበላል» ይልና ይጨምራል። በወሩ ደግሞ ይጨምራል። ካምቢዮ ዘይት አይበላም ወገኖቼ። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ነው። ካምቢዮ ላይ ከጎደለ ወይ ውጭ ፈስሷል፣ ወይ ጎረቤት ገብቷል።

በሞተሩና በፕራይመሪው መካከልም እንዲሁ ነው። የክራንክሻፍቱ ማገጃ ጎማ ካለቀ የፕራይመሪው ዘይት ወደ ሞተሩ ተስቦ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ጭስ ታያላችሁ፣ ሰው ሁሉ ፒስተን ነው ይላችኋል።

እዚህ ላይ የጋሼን ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ የምንቀራረብ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ነው ሳይክሉን የገዙት። ልጃቸው ሎስ አንጀለስ ልትመረቅ ስለነበር በሳይክል እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ዘይት አስቀየሩ። ቤቱን አልጠራም፤ ሳይክል ሳይሆን መኪና የለመደ ቤት ነው ማለት ይበቃል። ወጥተው ገና ሰፈራቸው ሳይደርሱ ሳይክሉ ከበደባቸው፣ ጭስ ጀመረ፣ በቀኝ በኩል ካለው የአየር ፊልትሮ ዘይት እየወረደ ጫማቸውን ነከረው። አንድ ሜካኒክ መጥቶ ድምፁን ሰምቶ «የፒስተን ቀለበት ሄዷል፣ ሞተር ይወርዳል፣ ከ5 ሺህ ዶላር አያንስም» አላቸው።

ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሞተሩ ሞቷል አሉኝ።»

«ጋሼ፣ መቼ ነው ዘይት ያስቀየሩት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«በሉ እንዳያስነሡት። መጣሁ።»

ይዤ የሄድኩት የሚያስፈልገውን ቁልፍና መስመር ያለበት ትልቅ የፕላስቲክ ጆግ ነው። በእነዚህ ሳይክሎች ላይ የሞተሩም የካምቢዮውም ማፍሰሻ ቡሎን ከሥር፣ እዚያው ቋቱ አካባቢ ነው ያለው። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ያው ቡሎን ናቸው። የሞተሩን ፈታሁ፤ 4 ኳርት ከሚይዝ ሞተር ከ6 በላይ ወጣ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ፣ መልኩ ሦስተኛ የተቀዳ ቡና። ከዚያ የካምቢዮውን ፈታሁ። ከአንድ ስኒ የማይሞላ ነገር ተንጠባጠበና ቆመ።

ምን እንደሆነ ገባችሁ? ሰውየው የሞተር ዘይት ያወረደ መስሎት ካምቢዮውን አደረቀው፣ ከዚያ አዲሱን ዘይት በአሮጌው ላይ ደረበው። ሞተሩ የተረፈውን በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ተፋ። ጭሱና ነጠብጣቡ ሰው ያስደነግጣል፤ እውነተኛው አደጋ ግን ምንም ያልተናገረው ካምቢዮ ነበር።

ይህቺን ነጥብ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ሞተር መንገድ ላይ ቢነክስ ፍሪሲዮን ትይዛለህ፣ የኋላ ጎማው ነፃ ይሆናል፣ ዳር ትወጣለህ። ካምቢዮ ሲነክስ ግን ፍሪሲዮን አያድንም፤ ምክንያቱም ፍሪሲዮኑ ያለው ከካምቢዮው በፊት፣ በሞተሩ በኩል ነው። ከካምቢዮው እስከ ጎማው ድረስ የሚላቀቅ ነገር የለም። ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጋሼ ደግሞ ሊሄዱ ያሰቡት በአይ-70፣ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፈው፣ ያንን ቁልቁለት ከጭነት መኪኖች ጋር ነው። ጫማቸው ላይ ዘይት ባይፈስ ኖሮ በደረቅ ካምቢዮ ይወጡ ነበር። ያንን ሳስብ እስካሁን ሆዴን ይለኛል።

«ስንት ማይል ነዱት ጋሼ?»

«ዘጠኝ ቢሆን ነው።»

የካምቢዮው ቡሎን ጫፍ ማግኔት አለው። ጠረግኩት፤ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ብናኝ ብቻ ነው የያዘው። እሱ የጤና ነው፣ ጥርሶች ሲፋተጉ የሚወጣ። መርፌ የመሰለ ስባሪ ወይም ጥፍር የሚያክል ብረት ቢኖር ኖሮ ካምቢዮው ይከፈት ነበር። የኋላውን ጎማ አንሥተን በየማርሹ በእጅ አዞርነው፣ የሚንኳኳ የለም። ሁሉንም በየልኩ ሞላን። ከ50 ማይል በኋላ የካምቢዮውን ዘይት እንደገና አውርጄ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ጋሼ ምርቃቱ ላይ የደረሱት ግን በአውሮፕላን ነው፤ ባለቤታቸው በዚያ ሳምንት ስለ ሳይክል መስማት አልፈለጉም። ዘይት ቤቱ የዘይቱን ዋጋ መልሷል። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም።

እንግዲህ የእኔ ዋና መሣሪያ ያ ጆግ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት የወጣውን ለኩና ጻፉት። ካምቢዮው ውስጥ አንድ ኳርት ከተህ ግማሽ ከወጣ፣ ፕራይመሪው ደግሞ ካስገባኸው በልጦ ከወጣ፣ ሌባው ተያዘ፤ መሀል ያለው ማገጃ ነው። ሦስቱም ልክ ከሆኑ ግን መሬት ላይ ነጠብጣብ ካለ ውጭ ነው የሚያፈሰው።

ውጭ የሚፈሰውን መፈለግ የትዕግሥት ሥራ ነው። በሩጫ ላይ ንፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ያያችሁበት ቦታ ሁሌም ከምንጩ ኋላና ታች ነው። ብዙ ሰው ከካምቢዮው ሥር ነጠብጣብ አይቶ የካምቢዮ ጓርኒሲዮን ይቀይራል፣ የሚያፈሰው ግን ከፊት ያለው ሞተር ነው። አጥባችሁ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነፋ ነፋ አድርጉበት፣ ጥቂት ማይል ነድታችሁ ተመለሱና በባትሪ እዩት። ነጩ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ነው ምንጩ። ሌሊት ካርቶን ማንጠፍም ጥሩ ነው። ካምቢዮ ውስጥ ቀይ ቀለም ያለው የማርሽ ዘይት የሚጠቀሙ አሉ፤ ካርቶኑ ላይ ቀይ ከታየ ክርክር የለም። ብልህነት ነው።

የሞተሩን መለኪያ ደግሞ ቀዝቃዛ እያለ አይታችሁ እስከ ጫፍ አትሙሉ። ሳይክሉ ክረምቱን ጋራዥ ሲቆም ከቋቱ የተወሰነ ዘይት ወደ ሞተሩ ሆድ ስለሚወርድ መለኪያው ጎደሎ ያሳያል። ሞልታችሁት ሲነሣ የወረደው ይመለሳል፣ ትርፉ በአየር ፊልትሮው ይወጣል። ነድታችሁ አሙቁት፣ ከዚያ መመሪያው በሚለው አቋም፣ ቀጥ ብሎም ይሁን በእግሩ ተደግፎ፣ ለኩ።

ጎልድ ዊንግ የምትነዱ «እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። የእናንተ ሞተር፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት፣ እውነት ነው። ስለዚህ ፈተናችሁ ሌላ ነው፤ ለመኪና የተሠራ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ብትጨምሩ የሚያንሸራትተው ቅመም ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፣ ጋዝ ትሰጣላችሁ ሳይክሉ አይሄድም። ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚለውን ፈልጉ፣ ከ1998 ጀምሮ ያለ የጃፓን መለኪያ ነው። የኋላ ጎማው ላይ ያለችውን የማርሽ ቤትም አትርሷት። የምትይዘው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፣ ለዚያ ነው ሁሉም የሚረሳት። ከ2014 በፊት የተሠራ ቢኤምደብሊው አር 1200 አርቲ ያላችሁ ደግሞ ፍሪሲዮናችሁ ደረቅ ነው፤ እዚያ ላይ የካምቢዮ ማገጃ ካፈሰሰ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጋሼ አሁን ሁለቱን ቡሎኖች ቀለም ቀብተዋቸዋል። የሞተሩን ቀይ፣ የካምቢዮውን ነጭ። ነጩን የቀቡት በባለቤታቸው የጥፍር ቀለም ነው፤ ሦስት ሳምንት ተፈልጎ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። የእናንተን ምልክት ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የሳይክሉን ዓመትና ሞዴል አብራችሁ ጻፉ፣ የቡሎኖቹ ቦታ እንደ ዓመተ ምርቱ ስለሚለያይ።