አንድ ጌታ፣ ሁለት ቤት

ኒንጃ ሲባል ብዙዎቻችን ዐይን ላይ የሚመጣው ጥቁር ጨርቅ የተከናነበ፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል፣ ጭስ አጭሶ የሚሰወር ፍጡር ነው። ደመወዝ አይጠይቅ፣ አለቃ አይፈራ፣ ሚስቴ ናፈቀችኝ አይል። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው «ሺኖቢ ኖ ሞኖ» የተባለው የጃፓን ፊልም ግን ይህን ፍጡር ከጣሪያው አውርዶ ሰው ያደርገዋል፤ ያውም ጌታ የተጫነው ሰው።

ደግሞም ከማን ይጠበቅ? ፊልሙ የተቀዳበትን ልቦለድ የጻፈው ቶሞዮሺ ሙራያማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በግራ ክንፍነቱ ወህኒ የወረደ ደራሲ ነው። ልቦለዱም በተከታታይ የወጣው በኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ፣ በ«አካሃታ» ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ ሳትሱኦ ያማሞቶም የዚያው ወገን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አስማት ሊያሳዩን አይቀመጡም፤ ማን ለማን እንደሚሞት ይጠይቃሉ እንጂ።

ዘመኑ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አገሩ ተራራማው ኢጋ ነው። ኃያሉ ኦዳ ኖቡናጋ ጃፓንን እየጠቀለለ ነው። ኢጋ ውስጥ ሁለት የኒንጃ ቤቶች አሉ፤ የአንዱ ጌታ ሳንዳዩ፣ የሌላው ናጋቶ ይባላል። ሎሌዎቻቸው ዐይንና ናጫ ናቸው፤ ኖቡናጋን ቀድሞ ለመግደል ሲሽቀዳደሙ ያልቃሉ። ጉዱ የሚወጣው ኋላ ነው፤ ሳንዳዩና ናጋቶ አንድ ሰው ኖረዋል! ሽማግሌው መልኩን እየለዋወጠ፣ በስውር መንገድ እየተመላለሰ፣ እዚህ ሲያስፎክር እዚያ ያስሸልላል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን። እዚህ ግን ዝሆኑ አንድ ነው፤ የሚጣላው ሣር ከሣር ጋር ነው።

ራይዞ ኢቺካዋ የሚጫወተው ጎኤሞንም ከዚሁ ሣር ነው። ኮርኒስ ላይ ተጋድሞ በቀዳዳ ቀጭን ክር ወደ ታች ይለቃል። የክሩ ጫፍ ከተኛው ኖቡናጋ አፍ በላይ ይቆማል፤ መርዙም ጠብታ በጠብታ ክሩን ይዞ ይወርዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን የመሰለ ዘዴ በጄምስ ቦንድ ፊልም ታይቷል። ቦንድ ዘንድ ያልደረሰው የጎኤሞን ጭንቀት ነው፤ ክሩን የሚለቀው ሳንዳዩ ወጥመድ ውስጥ አስገብቶት ነውና።

ታዲያ የፊልሙ ዋና ኒንጃ ማን ነው? ለእኔ ሽማግሌው ነው፤ ከገዛ ሎሌዎቹ ተደብቆ ኖሯልና። በ1581 የኖቡናጋ ሠራዊት ኢጋን ሲያነድ፣ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው የተቃጠሉት። የሰው ግንብ ሲሰልሉ የኖሩ፣ አንድ ሌሊት የጌታቸውን ጓዳ ቢሰልሉ ኖሮ ጥሉ ባልኖረ ነበር። ግን ማን አዟቸው?