ውድ ጆሮ፣ ርካሽ ሄድፎን

ዱራሜ ላይ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ሥራ ፈት ነው የሚባለው። እኛ ሦስት ሥራ ፈቶች ነን። ስቱዲዮ የለንም፤ ስፒከር እንዳንከፍት ጎረቤት አለ። የቀረን ሄድፎን ነው።

መቼም ገበያው ሄድፎን ሞልቷል። ግን አብዛኛው ቤዝ እየጨመረ ይዋሻል። ለሰሚ ይጥመዋል፣ ለሠሪ ግን ጠንቅ ነው፤ በዛ ብለን የቀነስነው ቤዝ ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት ድራሹ ይጠፋል።

ታዲያ ምን እንግዛ? አንደኛ፣ ጆሮን የሚሸፍንና ጀርባው ዝግ የሆነ። ድምፅ ስንቀዳ ወደ ማይኩ አያመልጥም። ሁለተኛ፣ ኦሙን ማየት። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ባለ 250 ኦሙ በላፕቶፕ ብቻ ይደክማል፤ ማጉያ ይፈልጋል። ስመ ጥሩው የሶኒ ኤምዲአር 7506 63 ኦም ነው። ከእሱ የሚረክሰው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም20ኤክስ 47 ኦም፤ ሁለቱንም ላፕቶፕ ይችላቸዋል።

ገንዘቡ የሚመጣው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከሚሠራ ወንድማችን ነው። የከምባታና የሀዲያ ቤት ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ አይቀመስም። በእሱ ላብ ስም አንገዛም!

ኤም20ኤክስን መረጥን። ገመዱ አይነቀልም፤ ከተበጠሰ ብየዳ ነው። ይሁን። እንደደረሰ የራሳችንን ሥራ ሳይሆን አብጠርጥረን የምናውቃቸውን ዘፈኖች እንሰማበታለን። የአዲስ ሄድፎን ጠባይ የሚታወቀው በለመዱት ዘፈን ነውና። ከዚያ በኋላ ቤዙ ከጠፋ ጥፋቱ የሄድፎኑ አይደለም።