የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻና የተከፈተ ጆሮ

ሙዚቃና ወታደር ተለያይተው አያውቁም። ነጋሪትና መለከት ጦር ሲያስከትቱ በኖሩበት በዚህ አገር፣ ዘመናዊው ሙዚቃም ቢሆን ያደገው በአብዛኛው በሠራዊቱ ጉያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆነው በሩን ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ጥላሁን ገሠሠንና ማሕሙድ አሕመድን የመሳሰሉ ድምፃውያን በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አልፈው ለሕዝብ ጆሮ ደረሱ። እንግዲህ አንድ ወታደር ከሥራ በኋላ ሙዚቃ ልስማ ቢል፣ በስፖርት ሰዓትም እርምጃውን በዜማ ላስተካክል ቢል የሚያስገርም አይደለም።

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልናወጋ የፈለግነው ግን ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ማጫወቻው ነው። «ለዕለት ተዕለትም ለስፖርትም የሚሆን ትንሽ ማጫወቻ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በክበባችንም በመኖሪያ ሰፈራችንም ዘወትር ይነሣል። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ገበያ ወጥተን፣ ተሳስተን ተመልሰናል። ስለ ንቃትና ስለ ሥነ ሥርዓት በየሳምንቱ ለሌሎች የምንናገር መኮንን ሆነን ስሕተታችንን መደበቅ አግባብ መስሎ ስላልታየን፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ እናቀርባለን።

ደመወዝ በተቀበልን ማግሥት ከተማ ወርደን፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ያለ ሽቦ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ጋር የሚገናኝ ማዳመጫ ገዛን። ሻጩ ዕቃውን ሲያሞግስ፣ «ይህን ካደረጉ የውጭ ድምፅ የሚባል አይገባም!» አለን። ያን ጊዜ ይህ አነጋገር ምስጋና እንጂ ማስጠንቀቂያ መሆኑ አልታየንም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ከሠፈሩ በር ወደ ውኃ ታንከሩ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስንሮጥ የውኃ ቦቴ ከኋላችን መጣ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፍቷል፤ እኛ ግን አልሰማንም። ከእኛ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ይሮጡ የነበሩ አንድ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ደርሰው ከአንገትጌያችን ይዘው ሲስቡን፣ ሁለታችንም ተያይዘን ቦይ ውስጥ ወደቅን። ቦቴው አልፎ አቧራው ሲገለጥ ሃምሳ አለቃው ልብሳቸውን እያራገፉ፣ «መቶ አለቃ፣ ሦስት ጊዜ ስምዎን ጠርቻለሁ» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ መጨመርም አላስፈለጋቸውም።

ቤት ገብተን ባለቤታችን የተላጠውን ጉልበታችንን በሞቀ ውኃ ስታጥብ ነገሩን አጫወትናት። እጇን ሳታቆም፣ «እሳቸው ሦስት ጊዜ ጠርተው ቦይ ውስጥ ከተቱህ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጠራሁህ ነው፤ ወዴት ልጣልህ?» አለችን። ቀጥላም የማናውቀውን ነገር ነገረችን። የአምስት ዓመት ልጃችን ከቀናት በፊት አመሻሹ ላይ የፊደል ገበታዋን ይዛ ከፊታችን ቆማ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሳሳት ወጥታዋለች። እኛ ማዳመጫውን ሰክተን በሙዚቃው ምት ራሳችንን እንነቀንቅ ነበር። ሕፃኗ «ጎበዝ» ያልናት መስሏት ደስ ብሏት ሄደች። እናቷ ግን አውቃለች። «ልጅቷን እንዳላሳዝናት ብዬ ዝም አልኩ፤ ለአንተ ግን መንገር ነበረብኝ» አለችን። የጉልበታችን ቁስል በሳምንት ዳነ፤ ይህኛው ግን ይህን ጽሑፍ እስከ መጻፍ አደረሰን።

በኋላ ስናነብ እንደተረዳነው ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም፤ ከኪስ ማጫወቻ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዎክማን የተሰኘውን የመጀመሪያ የኪስ ካሴት ማጫወቻውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ የሙከራውን ዕቃ ቤታቸው ወስደው ሲያዳምጡ፣ ባለቤታቸው ከነገሩ ውጪ መደረጋቸው ቅር አሰኛቸው። ሞሪታም ይህን አይተው ሁለት ሰው አብሮ የሚያዳምጥበት ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ እንዲኖረው አደረጉ። ከዚህም ሌላ ሲጫኑት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ከጎን ያለውን ሰው ድምፅ የሚያሰማ ብርቱካንማ ቁልፍ ነበረው። በኋለኞቹ ሞዴሎች እነዚህ ነገሮች ቀስ በቀስ ቀሩ። ካሴቱም ዘመኑ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. አንድ ሺህ ዘፈን በኪስ የሚያስይዘው አይፖድ መጣ፤ እርሱም በተራው በ2022 ዓ.ም. ምርቱ ማቆሙ ተነገረ። ዕቃው በየጊዜው አነሰ፣ ቀለለ፣ ዘፈንም አብዝቶ ያዘ። የሞሪታ ባለቤት ያነሡት ቅሬታ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ።

ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ገበያ የወጣነው ከባለቤታችን ጋር ነው። ከዚያ ጉዞ የተማርነውን ለአንባቢ በሚጠቅም መንገድ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ደረጃ መወሰን ያለበት፣ በስልክ እናዳምጥ ወይስ ራሱን የቻለ ማጫወቻ እንያዝ የሚለው ነው። ስልክ ሁሉን ይሠራል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ሲያጫውት የዋለ ስልክ ማታ ወደ ቤት ለመደወል ባትሪ አይተርፈውም። ለወታደር ደግሞ ሌላ ከባድ ምክንያት አለ። ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መስመሮች በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። በቀጣዩ ጥር ወር ካርታውን ያዩ ሰዎች፣ በሶርያና በአፍጋኒስታን ምድረ በዳ ወታደሮች በየማለዳው የሚሮጡበት ዙሪያ የጦር ሠፈሮችን ቅርጽ ቁልጭ አድርጎ እንደሚያሳይ ደረሱበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በግዳጅ ቀጠና ያሉ ባልደረቦቹ ቦታ የሚጠቁሙ መሣሪያዎችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ። የሚሮጠው ወታደር ሰላይ አልነበረም፤ ስፖርተኛ ነበር። ቦታን የማያውቅ፣ ከመረብ ጋር የማይገናኝ ተራ ማጫወቻ ግን የሚያወጣው ምሥጢር የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጆሮ ማዳመጫው ነው፤ ከማጫወቻው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባውም እርሱ ነው። የጆሮን ቀዳዳ የሚደፍን ዓይነት፣ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ለማዳመጥ ካልሆነ በቀር፣ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ አይደረግም። ለሩጫ የሚስማማው ከጆሮ ውጪ የሚቀመጥ ስፖንጅ ለበስ ቀላል ማዳመጫ፣ ወይም ከጆሮ ፊት ለፊት ተቀምጦ ድምፁን በጉንጭ አጥንት በኩል የሚያስተላልፈው ዓይነት ነው። ይህም ካልተገኘ አንዱን ጆሮ ብቻ መሰካት ነው። በጥበቃ ላይ ሳሉ ደግሞ አንዱንም ቢሆን አለመሰካት ግዴታ መሆኑን ለወታደር መንገር አያሻም።

ሦስተኛው የድምፁ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ዴሲቤል ሲሆን 20 ሰዓት፣ 86 ሲሆን 10 ሰዓት እያለ ወርዶ፣ 100 ዴሲቤል ላይ በሳምንት ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀራል። የአንድ ጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ በመሆኑ፣ የወታደር ጆሮ በተኩስ ሜዳ ብዙ የከፈለ ጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። መለኪያ ለሌለን ሰዎች ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፤ ሙዚቃው እየተጫወተ፣ በክንድ ርቀት የቆመ ሰው ሳይጮኽ ሲናገር መስማት አለብን። ካልሰማን ድምፁ በዝቷል ማለት ነው።

ላብንና ዝናብን በተመለከተ፣ በዕቃው ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን ምልክት ማንበብ ይጠቅማል። አይፒኤክስ 4 የሚለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል፤ ለላብ ይበቃል። አይፒኤክስ 7 የሚለው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ዋና ለማይዋኝ ሰው በሁለተኛው ላይ ገንዘብ መጨመር አስፈላጊ አይመስለንም።

ስለ ሚሞሪውም ብዙ መጨነቅ አያሻም። በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት አንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። የእኛ ዘፈኖች ረዘም የሚሉ ስለሆኑ አንዱን በስድስት ደቂቃ ብናስበው፣ አራት ጊጋ ባይት ብቻ ያለው ካርድ ከስድስት መቶ በላይ ዘፈን ይይዛል። ይሁን እንጂ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የሆነ ካርድ በገበያው ስላለ፣ ሻጩ ፊት እስኪሞላ ገልብጦ መሞከር ብልኅነት ነው። ቁልፎቹም ሳይታዩ በጣት የሚለዩ ይሁኑ፤ በሩጫ ላይ ሆኖ መስታወት መነካካት ዓይንን ከመንገድ ያነሣል። እንደገና የሚሞላ ባትሪ ሙቀት ስለማይወድ በቆላ አገር ማጫወቻውን በመኪና መስታወት ሥር ወይም ፀሐይ ባገኘው ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ መሄድ ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

እዚህ ድረስ ያለውን እኛ ነበርን የጠየቅን። ባለቤታችን ግን ሻጩን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ለሁላችን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ አለው? ድምፅስ ይቀዳል?» በካሴት ዘመን፣ ከቤት ርቀው የሚኖሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው በሰው እጅ ይላላኩ እንደነበር ከእናቷ ሰምታለች። በመጨረሻም ቁልፍ ያለው፣ ሬድዮ የሚይዝ፣ ካርድ የሚቀበል፣ ድምፅ የሚቀዳና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያለው ዕቃ ይዘን ተመለስን። ቅርጹ አያምርም። ከመጀመሪያው ማዳመጫ ዋጋ ግን ግማሹን እንኳ አልፈጀም።

ሙዚቃ ስፖርተኛን እንደሚያግዝ አንጠራጠርም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ የ2000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል በአዳራሹ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። ነገር ግን ሙዚቃው የመጣው ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ኃይሌም ተመልካቹም እኩል ይሰሙት ነበር። እኛም አሁን በማለዳ ስንሮጥ አንዱን ጆሮ ለዜማው፣ ሌላውን ለመንገዱና ለባልደረባችን ሰጥተናል። ማታ ቤት ስንገባ ማዳመጫው ከመለዮአችን ጋር ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል፤ ማጫወቻው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ለሁላችን ያሰማል።

ዕቃውን በገዛን ዕለት ማታ ልጃችንን ፊደሏን እንደገና እንድትወጣልን ለመንናት። «ያን ጊዜ ሰምተኸኝ የለ?» አለችን። እውነቱን ነገርናትና ይቅርታ ጠየቅናት። ትንሽ አኩርፋ ቆይታ ጀመረች፤ «ጰ» ላይ ደርሳ ግን ተሳሳተችና እናትና ልጅ ሳቁ። ሳቃቸው ከነስሕተቱ ተቀድቷል። ከዚያ በኋላ ለአርባ ቀናት ከሠፈር ርቀን በቆየንበት ግዳጅ፣ በካርዱ ላይ ካለው ከስድስት መቶ ዘፈን ይልቅ ደጋግመን የሰማነው ይህንኑ ነው። ያመለጠን፣ ስሕተት የሌለበት ንባብ ግን የትም አልተቀዳም።

ስለዚህ፣ ማጫወቻ ልትገዙ ያሰባችሁ የሠራዊቱ አባላት፣ ገበያ ስትወጡ ባለቤቶቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። እናንተም እመቤቶች፣ ባሎቻችሁ ማዳመጫ ሰክተው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ብታዩ፣ ሦስት ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ንገሯቸው።