19 ኢንች

አጎቴ ጀልባ ገዛ ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ "አበደ!" ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ ዋና የማይችል፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ጀልባ ምን ይሠራለታል? እሱ ግን ለካ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እየሄደ ነገሩን ለምዶት ኖሯል። ባለፈው ጁላይ አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቀስቅሶ እኔንም ይዞኝ ሄደ። (የሐይቁን ስም አልነግራችሁም፤ አስምሎኛል። ዓሣ አጥማጅ ቦታውን የሚደብቀው መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን እንደሚደብቀው ነው።)

ጁላይ በእኛ ሐምሌ ነው፤ ግን ጭቃና ጃንጥላ እንዳታስቡ። የሚኒሶታ ሐምሌ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው፤ ሐይቁ ራሱ ለብ ይላል። ይህችን የውሃ ሙቀት ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እኔ ዓሣ ማጥመድ ሲባል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማንቀላፋት ይመስለኝ ነበር። ጋሼ የሚያደርገው ሌላ ነው። ጀልባዋን በቀስታ እየነዳ መንጠቆውን ከኋላ ያስጎትታል፤ ትሮሊንግ ይሉታል። ፍጥነቱ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አሮጊቶች ይቀድሙናል። ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ስፒነር ደግሞ ለአንገት የተሠራ ጌጥ ነው የሚመስለው። ከፊት ብልጭልጭ የምትል ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ ከኋላዋ አምስት ስድስት ዶቃ፣ ከዚያ ሁለት መንጠቆ፣ መንጠቆዎቹ ላይ ተዘርግቶ የተሰካ ትል። ከዚህ ሁሉ ፊት እርሳስ ያለበት ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው የሐይቁን ወለል እየነካካ ሲሄድ ትሉ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይከተላል። ቆርቆሮዋ ስትሽከረከር ውሃውን ታርገበግባለች። ዓሣ ደግሞ ጎኑ ላይ ባለ መስመር የውሃ ንዝረት ስለሚሰማው፣ ገና ሳያይ አንድ የሚበላ ነገር እያለፈ መሆኑን ያውቃል።

የምንፈልገው ዋልአይን ነው። ከ1965 ጀምሮ የሚኒሶታ ግዛት ዓሣ ተብሎ የተሰየመ፣ ዓይኑ መብራት ሲያርፍበት እንደ ድመት የሚያበራ ዓሣ ነው። ጋሼ የገረመኝ ዘዴ አለው። ጀልባዋ ስትታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው መንጠቆ ይዘገያል፣ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥናል። ዓሣው የቱን እንደያዘ አይቶ የዕለቱን ፍጥነት ያስተካክላል። ያን ቀን ያሸነፈው ፈጣኑ ነበር። የዓሣ የሰውነት ሙቀት ውሃውን ስለሚከተል፣ ውሃው ሲሞቅ ይርበዋል፣ ያሳድዳል። ስፒነር የበጋ መሣሪያ የሆነውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሲነካኝ ደንግጬ ዘንጉን መነጨቅኩት። ግማሽ ትል ብቻ ተመለሰልኝ።

"አትቸኩዪ!" አለኝ ጋሼ። "እየቀመሰው ነው እንጂ ገና አልጎረሰውም። ዘንጉ እስኪጎብጥ ዝም በይ፤ ከዚያ በዝግታ ሳቢው።" (የጋዜጠኝነት አስተማሪዬም ስለ ቃለ መጠይቅ እንዲሁ ይለኝ ነበር፤ እዚያም አልሰማሁም።)

ሁለተኛው ሲመጣ ታዲያ ጠበቅኩ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ጠበቅኩ። መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አሁንም ጠበቅኩ። ጋሼ "አሁን! አንቺ ልጅ፣ አሁን እኮ ነው!" ብሎ ሲጮህ ነው የሳብኩት።

ጋሼ ለካው። 19 ኢንች። ፊቱ ወደቀ። በዚያ ሐይቅ ከ18 እስከ 23 ኢንች የሆነ ዋልአይ ዘር ይተካል ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ውሃው መመለስ አለበት። አፉን ሲከፍተው መንጠቆ አይታይም። ሁለቱም ጉሮሮውን አልፈው ወርደዋል። እኔ በጠበቅኩባት በእያንዳንዷ ሰከንድ እሱ እየዋጠ ነበር። መንጠቆውን መጎተት ይብስ ይቀደዋልና ጋሼ ክሩን አፉ ሥር ቆርጦ ዓሣውን ውሃ ውስጥ ደግፎ ያዘው። ጅራቱን ሁለቴ አወዛወዘ። ሄደ ስንል ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ።

ጋሼ ሞተሩን አጠፋ። እንጀራ መሬት ላይ ወድቆ ካየ አንስቶ፣ ስሞ፣ ከፍ ያለ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

"ይሄ እኮ ሦስት ሰው ያበላል።"

"ሕግ ነው ጋሼ።"

"ሞቷል እኮ!"

"ቢሞትም።"

መልስ አልሰጠኝም። እስከ ቤታችን ድረስ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም።

ቤት ስገባ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ዓሣውን የሚያስርበው ሙቀት ራሱ ነው የሚገድለው። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ታግሎ የደከመ ዓሣ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። መንጠቆ የዋጠ ከሆነማ አለቀለት። ሚል ላክስ በሚባለው ትልቅ ሐይቅ በ2016 ዋልአይ ይዞ መሄድ ሲከለከል፣ ለዋልአይ አጥማጆች ሕያው ትል መጠቀምም አብሮ ተከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ ከጁላይ 7 እስከ 27 ለመልቀቅ እንኳ ዋልአይ ማጥመድ ተዘጋ። የሚለቀቁትም ይሞታሉና።

ሕጉን ያኔ ተናድጄበት ነበር። አሁን አልፈርድበትም፤ የሞተውን መውሰድ ቢፈቀድ 19 ኢንች የሆነ ሁሉ "ሞቶ" ይገኝ ነበር። የማልቀበለው እኛ አጥማጆች የምንለውን ነው። "ሃያ ይዤ ሃያውንም ለቀቅኩ" ይላል አንዱ በኩራት፣ በጠራራ ፀሐይ። ስንቱ ዞር ሲል እንደተገለበጠ ማን ያውቃል?

ጋሼ ሁለት መንጠቆ ማሰር ትቷል። አሁን አንድ መንጠቆና የላስቲክ ትል ነው፤ ሳይዋጥ ቶሎ እንድንስበው። ከሁሉ የተደሰተችው ባለቤቱ ናት፤ የትሉ ዕቃ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከንጥር ቅቤው ጎን ተነሣላት። ቴርሞሜትርም ገዝቷል። ውሃው ሲሞቅ ለምሳ የሚበቃንን ከያዝን በቃ፣ ወደ ቤት።

ዘንድሮ ጁን ላይ አብረን ሄድን። ጋሼ ምንም አልያዘም። እኔ 16 ኢንች ያዝኩ። ጠብሰን በዳጣ በላነው።