«ይሆናል» እና «ኖሮ»

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ውስጥ ቁጥራቸው ጥቂት፣ ሥልጣናቸው ግን ሰፊ የሆነ ረዳት ግሶች አሉ፤ «ሞዳል» ይሏቸዋል። «ማስት»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ኩድ» እና «ካንት» ከእነርሱ ወገን ናቸው። በትምህርት ቤት መጀመሪያ የምናውቃቸው ሲያዝዙ፣ ሲፈቅዱና ችሎታን ሲገልጹ ነው። ሁለተኛ ሥራቸው ግን ከዚህ ይረቅቃል። ሰው በዓይኑ ያላየውን፣ በጆሮው ያልሰማውን ነገር የሚገምተው በእነርሱ ነው።

የግምቱም ደረጃ የታወቀ ነው። ማስረጃው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል «ማስት» ይባላል። ሚዛኑ ሲዋልል «ሜይ»፣ «ማይት» ወይም «ኩድ»። ማስረጃው ነገሩን ጨርሶ ሲክድ ደግሞ «ካንት»። ነገሩ ያለፈ ከሆነ «ሀቭ» የምትባል ትንሽ ቃል በመካከል ትገባና ግሱን ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ስለዚህ ስለ አንድ የጠፋ ሰው «ማስት ሀቭ ዳይድ» ያለ ሞቱን አላየም፤ ነገር ግን ምልክቱን ሁሉ ደምሮ ከሞት ሌላ መልስ አላገኘም። «ማይት ሀቭ ዳይድ» ያለ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። «ካንት ሀቭ ዳይድ» ያለ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሞትን አያስገባም።

ምሳሌዬን ከሞት የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችን ሠላሳ ዓመት ያህል ሲገመት የኖረው ይኸው ግስ ነውና።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ዘመተ። የመጨረሻው ደብዳቤው የደረሰው በ1981 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች። በግንቦት 1983 ጦርነቱ አበቃ፤ ከሠራዊቱ የተረፈው ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ በሱዳን በኩል ዞሮ ወደየቤቱ ገባ። አጎቴ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። በአገራችን ደግሞ መርዶ ካልመጣ ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ አይቀመጡም፤ እርም አይወጣም።

ቤተሰቡም በግምት ተከፈለ። ታላቅ አጎቴ «ሳይሞት አይቀርም» ይል ነበር። እናቴ «ሞቶ ይሆናል፤ ወይም በሰው አገር ይኖር ይሆናል» እያለች በሁለቱ መካከል ትመላለስ ነበር። አያቴ ግን «ልጄ አልሞተም» ከማለት በቀር ሌላ አትናገርም። እንግሊዛዊ ቢሰማት «ካንት ሀቭ»ን ያውሳት ነበር፤ እርሷ ግን ረዳት ግስ አልፈለገችም።

«ሳይሞት አይቀርም» የሚለውን ሐረግ ቀስ ብሎ ላየው ሰው ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ግምት ነው። ሌላው የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰሙን ከወርቁ ግን ትለይ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ይህንኑ ቃል ስታነሣባት፣ «ማንስ ሳይሞት ይቀራል፣ እቴ?» ብላ ወሬውን ቆረጠችው።

«ማስት»ን ወደ አማርኛ መመለስም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቃል በቃል የሄደ ሰው «መሞት አለበት» ላይ ይወድቃል፤ ይህ ደግሞ ግምት ሳይሆን የሞት ፍርድ ነው። ዛሬ ዛሬ «ሞቶ መሆን አለበት» የሚል አነጋገር በጋዜጣም በመሥሪያ ቤትም ይሰማል። ግድፈት ነው አልልም፤ ለጆሮዬ ግን ያ «አለበት» የግዴታ ጠረኑ አልለቀቀውም። ስለ ጠፋ ልጅ ለእናቱ የሚነገር ቃል አይመስለኝም።

ከሁሉ የከበደው ግን «ኖሮ» ነው። እንግሊዝኛ «ኩድ ሀቭ» ወይም «ማይት ሀቭ» ሲል ቃሉ ሁለት መንገድ አለው። ምናልባት ሆኗል ለማለትም፣ ሊሆን ሲችል ሳይሆን ቀረ ለማለትም ያገለግላል፤ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከአገባቡ ነው። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። ለተከፈተው በር «ይሆናል» አለን፤ ለተዘጋው «ኖሮ» አለን። «ቢኖር ኖሮ ይጽፍ ነበር» ያለ ሰው መገመቱን ትቶ ፈርዷል። የሚገርመው «ኖሮ» ራሱ ከመኖር የወጣ ቃል መሆኑ ነው። የሕይወት ግስ ራሱ መጥቶ ለሞት ይመሰክራል።

በአንድ የፋሲካ ማግስት፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ አክስቴ ስለ አጎቴ ባልንጀራ ልጆች ስታወራ «እሱም ቢኖር ኖሮ ይኼኔ...» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። አያቴ ስኒዋን አስቀምጣ ተነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። ከመካከላችን መርዶ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሰዋስው ግን አርድቷት ነበር።

በባንክ ሥራዬ ለብዙ ዓመት ያልተንቀሳቀሱ ሒሳቦች ያጋጥሙኛል። ባለቤቱ ሞቶ ይሆናል፤ ተሰድዶ ይሆናል፤ ደብተሩን ረስቶት ይሆናል። መዝገቡ ግን «ይሆናል»ን አይቀበልም። ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ የፍርድ ቤት ማስረጃ እንጠይቃለን። ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ የመጥፋቱን ውሳኔ ከፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሁለት ዓመት! ሕግ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የሚያገባ፣ የሚወርስ፣ የሚሸጥ ሰው አለና ነገሩ አንድ ቦታ መቆረጥ ይኖርበታል። መስኮቴ ላይ ቆመው ወረቀታቸውን የሚያቀብሉኝን ሰዎች ሳይ ግን፣ ከዚያ ማኅተም በፊት በቤታቸው ስንት ዓመት «ይሆናል» ሲባል እንደ ኖረ አስባለሁ።

አያቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። በለቅሶዋ ላይ የአጎቴ የወታደር ፎቶግራፍ ከእርሷ ፎቶግራፍ ጎን ቆመ። ማን እንዳቆመው አልጠየቅንም። አልቃሿ የሁለቱንም ስም አንድ ላይ ጠራች፤ እናቴም የሠላሳ ዓመት እርሟን የዚያን ዕለት አወጣች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ እርሱ የሚወራው በ«ኖሮ» ነው። ከለቅሶው በኋላ ታላቅ አጎቴ ስለ ወንድሙ ሲያወራ ያን ጊዜ ነው ሲስቅ ያየሁት፤ ግሱ መቆረጡ ለእርሱም ዕረፍት ሳይሆነው አልቀረም።

እኔ ግን ስለ አጎቴ ግጥም ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደ ሌላ ቃል ነው፤ ወደ «ይሆን?»። እንግሊዝኛ ለዚህ ረዳት ግስ የለውም፤ «አይ ወንደር» ብሎ ሌላ ግስ መጥራት ግድ ይለዋል። «ይሆን?» ከግምት ያንሳል፤ ከጥያቄም ይለሰልሳል፤ መልስ ሳይጠብቅ ይጠይቃል። አያቴ ቀን ቀን ለሰው ሁሉ «ልጄ አልሞተም» ስትል የምትውለውን ያህል፣ ማታ የአጥሩን በር ስትዘጋ ለማንም ሳይሆን ለራሷ የምትላት አንዲት ነገር ነበረቻት።

«ዛሬስ የት ያድር ይሆን?»