የጓርኒሲዮን ነገር

በጸደይ ወራት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በእግሩ የሚዞር ሰው ከቆሻሻ ገንዳ ጎን የተጣለ የሣር ማጨጃ ማየቱ አይቀርም። እኔ ጎንበስ ብዬ ሥሩን ሳላይ አላልፍም። ጎማው ደህና፣ ምላጩ ደህና፤ ሆዱ ግን ዘይት በጠጣ የሣር ድሪቶ ተለስኗል። "ያፈሳል" ተብሎ ነው የወጣው። ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሠሩት አዛውንት ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ሲያዩ ያማትባሉ። "ልጄ፣ ለጓርኒሲዮን ተብሎ ማሽን ይጣላል?"

ብዙዎቹ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ናቸው፤ የሚልዋኪው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ሞተር ካወጣ ወዲህ ያልገባበት ግቢ የለም። ፓራሊዮ (የዘንጉ ዘይት ማገጃ ቀለበት) እና ጓርኒሲዮን (በሆዱና በክዳኑ መካከል የሚገባው ወረቀት) ተደምረው ደግሞ እዚሁ ሰፈር ከሚበላ አንድ ክትፎ ዋጋ ብዙ አይርቁም።

ሰዉ ግን ለመግዛት ይቸኩላል። ድሪቶው ውስጥ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ አይታይም፤ በነጭ ጋዝና ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ትንሽ ሠርቶ እንደገና መታየት አለበት። ከዚያ መተንፈሻው። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ሆድ ውስጥ ያለውን አየር ይገፋል፤ አየሩም ከባልቦላዎቹ ጎን ባለች ትንሽ ክዳን ይወጣል። እሷ ከተደፈነች ግፊቱ የደከመ ቦታ ፈልጎ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ አዲስ ፓራሊዮንም አይምርም። እሷን አጥቦ በመመለስ ብቻ ፍሳሹ የቆመለት ሞተር አለ።

ካልቆመ ሆዱ ይከፈታል። (የካንዴላውን ገመድ ሳይነቅል ምላጭ የሚነካ ሰው ጣቱን የጠላ ነው።) አስቀድሞ የዘንጉ ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካልጠፋ፣ የሆዱ ክዳን ሲሳብ የአሉሚኒየሙን ማረፊያ ይቧጭራል። ሲሊኮን የሚፈትነውም እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ቱቦ፣ መቁረጥ የለ፣ መለካት የለ። ጓርኒሲዮኑ ግን ዘይት ማገጃ ብቻ አይደለም፤ ውፍረቱ፣ ባብዛኛው 0.38 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክራንክሻፍቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚላወስበትን ክፍተት ይወስናል። ቀጭን ሲሊኮን ብቻውን ከገባ ዘንጉ ሊነክስ ይችላል። ጎረቤቴ የአሮጌውን ውፍረት ለክተው፣ እኩያውን ወረቀት ክዳኑ ላይ ያነጥፉና ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይመቱታል፤ ቅርጹ ተቆርጦ ይወጣል። እጃቸው ይህን ሲሠራ አፋቸው ስለ ፊያት 600 ታክሲዎች ያወራል። ፓራሊዮውን፣ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ዞሮ፣ የሚያስገቡት ግን ዝም ብለው ነው።

መጀመሪያ ሲነሣ ያጨሳል፤ ማርሚታው ውስጥ የቆየው ዘይት እየነደደ ነው። ጎረቤት መስኮቱን ቢዘጋ አይፈረድበትም።